ከበርሜሉ ጀርባ የቀረው ኦቾሎኒ

ሸዋረጋ ጁባ የገባችው የደቡብ ሱዳን ነጻነት ከመታወጁ በፊት ነው፤ ከተማው ገና አቧራና ድንኳን ሳለ። ባሏ ከፍያለው የአንድ ግንባታ ድርጅት የማሽን ኃላፊ ሆኖ ቀድሟት ነበር። እሷ የስፌት መኪናዋን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ተከተለችው። ሌላውን ዕቃ ሁሉ ለሰው አሸክማለች፤ መኪናዋን ግን ለማንም አልሰጠችም። «ጁባ ና ባሪ» በሚባለው ሰፈር ውስጥ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ተከራዩ። ብዙ ሳይቆይም አማራት በሚባለው ሰፈር የተከፈቱት ሆቴሎች መጋረጃና አንሶላቸውን እሷ ዘንድ ማሰፋት ጀመሩ። «የሐበሻዋ ስፌት አይተረተርም» ይባልላት ነበር። ይህን ሲሏት ያልሰማች መስላ ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች። ግን ትሰማለች።

ሌላም የምትመካበት ነገር ነበራት፤ የተከለችው ይበቅላል። የጁባ መሬት ቀይ ነው፣ ደርቆ ሲሰነጠቅ እግር ያስገባል፣ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ጫማ ይቀማል። ከዚያ መሬት ሸዋረጋ ቅጠሉ እንደ ሰፌድ የሰፋ ጎመን ታወጣለች። ምስጢርም የለው፤ የዶሮ ኩስ በጀሪካን ውሃ ትዘፈዝፍና አፉን ከድና ታቆየዋለች፤ ሲከረፋ ታጠጣዋለች። ጎረቤቷ ዓሊማ፣ ኦቾሎኒ ፈጭታ ቅቤውን ገበያ የምትሸጠው ሴት፣ በአጥሩ ቀዳዳ እያየች አፍንጫዋን ትይዛለች።

«ማማ ሸዋ፣ ይሄን ሽታ ሰው ይበላዋል?»

«ስትበዪውማ ዝም ብለሽ ነው የምትበዪው» ትላታለች ሸዋረጋ፣ ጎመኑን በአጥሩ ላይ እያቀበለቻት። ሁለቱ የሚግባቡት በተሰባበረ ጁባ አረብኛ ነበር፤ ለመቀላለድ ግን በቂ ነው።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ሸዋረጋ ተማሪ ነበረች፤ ያውም ጎበዝ። ስድስተኛ ክፍልን አንደኛ ወጥታ ጨርሳ፣ ካርዷን ይዛ ቢሾፍቱ ያለው ቤታቸው እየሮጠች ስትገባ ግቢው በሰው ተሞልቶ አገኘችው። አባቷ አርፎ ነበር። ካርዱን ማን እንደተቀበላት፣ የት እንደገባ፣ እስከ ዛሬ አታውቅም። ታናሿ ናዝራዊት ያኔ ገና ዳዴ የምትል ሕፃን ናት፤ እናትየው ደግሞ በሽተኛ። መስከረም ሲጠባ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ሸዋረጋ ልብስ ሰፊ ቤት ገባች። መጀመሪያ ቁልፍ ተከለች፤ ቀጥሎ ጠርዝ አጠፈች፤ ኋላ መኪናው ላይ ተቀመጠች። የናዝራዊትን ዩኒፎርም በየዓመቱ የሰፋችው እሷ ናት፤ ልጅቷ ስትረዝም ለመልቀቅ እንዲመች እጥፋቱን ሰፊ አድርጋ ትተውላት ነበር። እጥፋቱ ሁልጊዜ ያልቅ ነበር። ናዝራዊት ረዘመች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ሁለተኛውን ዲግሪ ያዘች፣ ከዚያም ለሦስተኛው ባሕር ማዶ ተሻገረች።

ሸዋረጋ ስለ እሷ ያወራችውን ያህል እናትም ስለ ልጇ አላወራችም። ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ፣ የሆቴል ሥራ አስኪያጆች ዘንድ መጋረጃ ስትለካ ሳይቀር «እህቴ የዕፀዋት ሊቅ ናት» ትላለች። ሰው ሩቅ ሳለ መውደዱ አይከብድም። ችግሩ ናዝራዊት ራሷ የመጣች ቀን ነው።

የመጣችው የአገሩ ነዳጅ ምርት በተዘጋበት፣ የገበያው ነገር ሁሉ ሰማይ በነካበት ዓመት፣ ዝናቡ ሲጀምር ነበር። ትምህርት ቤቷ ከአንድ የእርሻ ድርጅት ጋር አስማምቷት፣ በኦቾሎኒ ሥር ላይ ምርምር ልታደርግ ነው። የድርጅቱ ቢሮ ያለው አማራት ነው፤ ግቢው ኮንቴይነርና ጄኔሬተር እንጂ ሣር እንኳ የለበትም። እናም ምርምሩ በሸዋረጋ ግቢ ይሁን ተባለ። ከፍያለው ከሥራ ቦታው የወዳደቁ ጀሪካኖች አምጥቶ፣ አንገታቸውን በመጋዝ ቆርጦ፣ ከሥራቸው በምስማር በስቶ፣ በሁለት መደዳ ደረደረላት። ሸዋረጋ በስፌት መኪናዋ ላይ ሆና አየችው። የክር መደርደሪያ ሥራልኝ ካለችው ስንት ጊዜው ነው። «ነገ» ሲላት ነው የኖረው።

ቅናት ሲጀምር ስሙን አይናገርም። ሸዋረጋ መጀመሪያ ራሴን አመመኝ አለች። ቀጥሎ ሙቀቱ ነው አለች። አንድ እሑድ ፓስተሩ ናዝራዊትን ከፊት አስቁሞ ስለ ትምህርቷ ሲጸልይላት፣ ከጎኗ የተቀመጠች ሴት ጠጋ ብላ «የሷ እህት ነሽ እንዴ?» ስትላት ግን በደንብ አወቀችው። እስከዚያች ቀን ናዝራዊት ነበረች የሸዋረጋ እህት። አሁን ተገለበጠ።

የዚያኑ እሑድ ምሳ ላይ ከፍያለው «እስቲ ዶክተር፣ እኛም እንስማው» አለ። «ኦቾሎኒ ሥር ምን ጠፋብሽ?»

«ገና ዶክተር አልሆንኩም፣ ጋሼ ከፍያለው።»

«ትሆኛለሽ። ንገሪን።»

ናዝራዊት ተነስታ ወጣችና በአጥሩ ሥር ከዓሊማ ግቢ ተሻግሮ የበቀለ አንድ ኦቾሎኒ ነቅላ፣ ሥሩን አጥባ ተመለሰች። በቀጭኑ ሥር ላይ ጥቃቅን እባጮች እንደ ዶቃ ተደርድረዋል።

«ኪንታሮት የወጣበትን ነገር ገበታ ላይ አታምጪው» አለች ሸዋረጋ።

ናዝራዊት ሳቀች። «ኪንታሮት አይደለም፣ እታለም። ቤት ነው። በውስጡ ባክቴሪያ አለ፤ ከአየር ላይ ናይትሮጅን ይዞ ለተክሉ ምግብ ያደርግለታል። ተክሉ ደግሞ በፋንታው ስኳር ያበላዋል። ይሄ የታወቀ ነው። እኔ የምፈልገው፣ ቤቱ ይሠራ ብሎ የሚያዘው ማነው የሚለውን ነው።»

ዞር ዞር አለችና ዓይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ። ሸዋረጋ የልብስ ልኬቶቿን በካርቶን ቆርጣ የምትሰቅልበት ግድግዳ ነው።

«እዩት ይሄን። የሸሚዝ አለ፣ የቀሚስ አለ፣ የመዘምራን ጋውን አለ። ሁሉም ሁልጊዜ እዚህ ነው። ዛሬ የሚወርደው ግን አንዱ ነው። ጂን የምንለው ዘረመልም እንደዚሁ ነው። በእያንዳንዷ የሥር ሕዋስ ውስጥ ልኬቱ ሁሉ ተሰቅሏል። ይሄ ይውረድ፣ ያ ተሰቅሎ ይቆይ የሚሉ አዛዦች አሉ። ትራንስክሪፕሽን ፋክተር እንላቸዋለን።»

ከፍያለው ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ።

«አዛዦቹ ደግሞ በየቤተሰባቸው ናቸው። እኔ በያዝኩት ቤተሰብ ውስጥ ኒን የምትባል አለች። እሷ ስትነሳ እባጩ ይሠራል፤ እሷ ከሌለች ባክቴሪያው ደጅ ቆሞ ይቀራል። እህቶች አሏት። መልካቸው ይመሳሰላል፣ ሥራቸው ግን ይለያያል። አንዳንዶቹ መሬቱ ውስጥ ምግብ መኖሩን የሚያውቁ ይመስላል። ማዳበሪያ ያገኘ ተክል እባጭ አይሠራም፤ ምን ቸግሮት። እንግዲህ የኔ ጥያቄ፣ ያኔ ኒንን ተቀመጪ የሚላት ማነው? እህቷ ትሆን?»

«እህት እህቷን?» አለች ሸዋረጋ።

«ሊሆን ይችላል ነው። እስካሁን የሚያውቅ የለም።»

ከፍያለው ግድግዳውን አየ፣ ናዝራዊትን አየ። «ስንት ዓመት እዚህ ግድግዳ ሥር በላሁ» አለ፤ «ዛሬ ገና አየሁት።»

ሸዋረጋ ሳህኖቹን አነሳች። ያ ግድግዳ የእሷ ነበር። እያንዳንዱን ካርቶን በገዛ መቀሷ የቆረጠችው እሷ ናት። አሁን ግን ባሏ ያየው በእህቷ ጣት ተጠቁሞለት ነው። የዚያን ቀን ከሰዓት አንድ የሆቴል መጋረጃ አበላሸች፤ ጁባ ከገባች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ኦቾሎኒው በቀለ። የአንደኛው መደዳ ሲጠነክር የሁለተኛው እየገረጣ መጣ። ለአንደኛው ናዝራዊት ከትንሽ ከረጢት ነጭ ማዳበሪያ እየመጠነች ትጨምርለታለች። ሁለተኛው ከባክቴሪያውና ከውሃ በቀር ምንም የለውም። ሸዋረጋ መጥረጊያዋን ይዛ ከአጠገቡ ቆመች።

«አንዱን እያበላሽ አንዱን ታስርቢያለሽ?»

«ይራባቸው፣ እታለም። መራብ አለባቸው። ያልተራበ ተክል ኒንን አይቀሰቅስም። ይሄ ቢጫነት ያልፋል፤ እባጫቸው ሲሠራ ራሳቸውን ይችላሉ።»

«ካልቻሉስ?»

«ይችላሉ። ረሃብ ነው የሚያነሳሳቸው።»

ይህን ያለችው ልጅ ተርባ አታውቅም። ስለዚህ ነገር እርግጠኛ የሆነ ሰው ቢኖር ሸዋረጋ ናት፤ እንዳትራብ ያደረገቻት እሷ ነቻ። መጥረጊያዋን አንስታ ሄደች። «ረሃብ ነው የሚያነሳሳቸው» እያለች በልቧ ደጋገመችው፣ እንደ ዘፈን ሳይሆን እንደ ጥርስ ሕመም።

ከዚያ ናዝራዊት ለመስክ ሥራ ዬይ ወደምትባል ከተማ መሄድ ነበረባት። ከየገበሬው ማሳ አፈር ልትሰበስብ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ስለሆነም ትቆያለች። ስትሄድ እህቷን እጇን ይዛ ለመነቻት። ይህ ክረምት ካለፈባት ትምህርት ቤቱ ቦታዋን ለሌላ ይሰጠዋል። ስትመለስ ከሁለቱም መደዳ ሥር ቆርጣ፣ በመድኃኒት ነክራ፣ በረዶ ውስጥ አድርጋ በአውሮፕላን ይዛ መሄድ አለባት፤ እዚያ ያለው መሣሪያ የትኛዋ እህት ተነስታ የትኛዋ እንደተቀመጠች ያነብላታል። ያልተመገበው መደዳ ከሌለ የሚነበብ የለም።

«ከዚህ ሰማያዊ በርሜል ውሃ ብቻ» አለች። «ሌላ ምንም። ቃል ግቢልኝ።»

«ውሃ ማጠጣት ታስተምሪኛለሽ ደግሞ?»

«እታለም።»

«እሺ አልኩሽ።»

መጀመሪያ ላይ እንዳለችው አደረገች። ግን ከፍያለው ጠዋት ከሥራ በፊት ጫማውን እንኳ ሳያስር ወደ ጀሪካኖቹ ይሄዳል። «ናዝርዬ ስትመጣ እነዚህ ቢጫዎቹ ተርፈው ይጠብቋት ይሆን?» ይላል። ከሥራ ሲመለስም ስለ ኒንና ስለ እህቶቿ ነው ወሬው። የስፌት መኪናዋ ቀበቶ ተበጥሶ እንደነበር፣ ራሷ እንደጠገነችው ነገረችው። «ጎሽ» አላት። ያቺን «ጎሽ» ሸዋረጋ በአፏ ውስጥ እንደ ጠጠር አዞረቻት።

በማግስቱ የጎመኗን ጀሪካን ከፈተች። ሽታው እንደልማዱ ዓይን ያስለቅሳል። ቢጫዎቹ አጠገብ ይዛው ቆመች። አንጀቷ ራርቶላቸው ነበር፤ ይህ ሐሰት አይደለም። ከርኅራኄው ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ናዝራዊት መጥታ ለምልመው ስታገኛቸው፣ ከፍያለው ባለበት፣ «ይሄን ማን አደረገው?» ስትል ታያት። መልሷን ሳይቀር አዘጋጅታለች፤ «ስድስተኛ ክፍል» ልትል።

አፈሰሰችላቸው።

ሁሉንም ግን አላበላችም። ከመደዳው ዳር ያሉትን ጥቂቶቹን፣ ከሁሉ የከሱትን፣ እየጎተተች ከሰማያዊው በርሜል ጀርባ አቆመቻቸውና ከበርሜሉ ውሃ ብቻ ሰጠቻቸው። መጋረጃ ስታሳይም እንዲህ ነው ልማዷ፤ አዲሱን ከማንጠልጠሏ በፊት አሮጌውን አታወርድም፣ ጎን ለጎን ካልታየ ደንበኛ አይገባውም። ናዝራዊት በመጣች በመጀመሪያው እሑድ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው የጸሎት ቡድን እነሱ ቤት በሚሰበሰብበት፣ እነዚህን ምስኪኖች አውጥታ ከለመለሙት አጠገብ ታቆማቸዋለች። ሰው አይቶ ይፍረድ።

የተመገቡት ጨለም ያለ አረንጓዴ ሆኑ። ተጎነጎኑ፣ ከጀሪካናቸው ፈሰሱ። ከፍያለው አንድ ጠዋት ቆሞ ቀረ። «ሸዋ፣ ምን አደረግሻቸው?»

«ውሃ ነው።»

«እጅሽ ይባረክ» አላት። ከልቡ ነው ያላት። የዚያን ቀን ራሷን አላመማትም።

ናዝራዊት ከተባለው ቀን ቀድማ ደረሰች፤ አርብ እኩለ ቀን ላይ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ የአፈር ከረጢቶቿን እንዳንጠለጠለች። እህቷን ሳመችና ወደ ኋላ ግቢ አለፈች። ሸዋረጋ መቀሷን እንደያዘች ተከተለቻት። ከፍያለው አልነበረም፤ ይህ ብቻ ነው ያናደዳት።

ናዝራዊት ቆመች። «እነዚህ…» አለችና አልጨረሰችም። ተንበርክካ አንዱን ጀሪካን ገለበጠች፣ አፈሩን በጣቷ ፈልፍላ ሥሩን አወጣች፣ በባልዲ ውሃ አጠበችው። ረጅም፣ ነጭ፣ ልስልስ ሥር ነው፤ የተፈተለ ክር ይመስላል። እባጭ የለበትም። ሁለተኛውን ገለበጠች። እዚያ ላይ አልፎ አልፎ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አለች፤ በጥፍሯ ስትሰነጥቃት ውስጧ የሞተ አረንጓዴ ነው።

«ምን ሰጠሻቸው?»

«አምረው አላየሻቸውም?»

«ምን ሰጠሻቸው አልኩሽ?»

«ለጎመኔ የምሰጠውን። ሲራቡ ማየት አልቻልኩም።»

ናዝራዊት ከጉልበቷ አልተነሳችም። «አረንጓዴ አልነበረም የፈለግኩት፣ እታለም። አረንጓዴማ ያኛው መደዳ አለ። አሁን ሁለቱም የበሉ ናቸው። ኒን ተኝታለች፤ በሁለቱም ውስጥ ተኝታለች።» ዙሪያዋን አየች። «መደዳው ጎድሏል። ሌሎቹስ? ከዳር የነበሩት?»

ያኔ ነበር መናገሪያው። በርሜሉ ከኋላቸው ነው፤ ዞር ብትል በጣቷ ትነካዋለች። ግን «አሉ» ካለች «ለምን እዚያ አደረግሻቸው?» ይከተላል።

«ፍየል በላቸው» አለች ሸዋረጋ። «የዓሊማ ፍየል። ባዶዎቹን ጀሪካኖች ጣልኳቸው።»

ናዝራዊት ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ በቀስታ፣ የሚያባብል በሚመስል ድምፅ፣ «ቀንተሽ ነው» አለች።

«በምንሽ እቀናለሁ? እኔ ባለበስኩሽ?»

«በየዓመቱ ትነግሪኛለሽ። ዩኒፎርሜ ላይ ጠልፈሽው ቢሆን ይሻል ነበር፤ ሁሉም ያነበው ነበር።»

ሸዋረጋ ወደ መኪናዋ ተመልሳ ተቀመጠች። እግሯ ፔዳሉን ይረግጣል እንጂ ከመርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም። ከፍያለው ማታ መጥቶ የሆነውን ሲሰማ እራቱን ይዞ ናዝራዊት ወደተቀመጠችበት ደጅ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ናዝራዊት ሻንጣዋን አስራ ነበር። ወደ አማራት ሄዳ ለአለቃዋ ክረምቱ እንደጠፋ ልትነግረው ነው፤ ከዚያ እዚያው ለመክረም፣ ከዚያ ወደ አገሯ። ሸዋረጋ ከመስኮቱ ሆና አየቻት። ስትሄድ ግቢው ይሰፋል። ገበታው የሁለት ሰው ይሆናል። ከፍያለው ለጥቂት ጊዜ ያኮርፍና ይመለሳል። ስትመኘው የከረመችው ሁሉ በዚያ ሻንጣ ውስጥ ታስሮ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ዝም አለች።

በሩ ተንኳኳ። ዓሊማ ናት፤ በሁለት እጇ የቆርቆሮ ሳህን ይዛለች። በሳህኑ ላይ ያልተፈለፈለ ኦቾሎኒ ተቆልሏል፤ ቅርፊቱ ትልቅ፣ ተመርጦ የተቀመጠ፣ ለዘር ያኖረችው ዓይነት።

«ማሌሽ፣ ማማ ሸዋ» አለች። ይቅርታ ማለቷ ነው። «ትናንት ማታ ባልሽ በአጥሩ ላይ ነገረኝ። ያቺ ፍየል ገመዷን በጥሳ አንድ ቀን ጠፍታብኝ ነበር፤ እዚህ መግባቷን አላወቅኩም። እህትሽ አልቅሳለች አለኝ። ይሄን ትዝራው። ጥሩ ዘር ነው፣ የእናቴ ነው።»

ሸዋረጋ እጇን ዘርግታ ልትቀበል ነበር። እጇ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ኦቾሎኒ እየሸጠች የምትኖር ሴት የዘሯን ኦቾሎኒ ባልበላች ፍየል ካሣ ይዛ ቆማለች፤ ፊቷ ላይ ደግሞ እፍረት አለ።

«ነይ» አለቻት ሸዋረጋ። ሳህኑን እንደያዘች ክንዷን ይዛ ወደ ኋላ ግቢ ወሰደቻት። ሻንጣዋን ለማንሳት ያጎነበሰችውንም «ናዝሬ፣ አንቺም ነይ» አለቻት። ከዚያ ከበርሜሉ ጀርባ ገብታ ጀሪካኖቹን አንድ ባንድ እየጎተተች አወጣቻቸው። ከጥቂቶቹ በቀር ቢጫነታቸው ለቋቸው ነበር። አጠር ያሉ፣ ቀጠን ያሉ ናቸው፤ ግን ቆመዋል።

ናዝራዊት ጠጋ ብላ ጎንበስ አለች።

«ፊ ሹኑ?» አለች ዓሊማ። «ምንድነው ነገሩ?»

«ፍየልሽ አልገባችም» አለቻት ሸዋረጋ በጁባ አረብኛ። «ዋሽቼ ነው። ሳህንሽን ይዘሽ ግቢ፣ የኔ እህት።»

ዓሊማ አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች። ሳህኑን ግን ይዛ አልገባችም፤ መሬት ላይ አስቀምጣው ወገቧን ይዛ ቆመች። ለመቆጣት እያሰበች ይመስላል፤ ያም ሆኖ ነገሩ የት እንደሚደርስ ማየት ፈልጋለች።

«ለምን ደበቅሻቸው?» አለች ናዝራዊት።

«ከእነዚያ ጎን ላቆማቸው ነበር። እሑድ። ሰው እያየ።»

«ምን እንዲያይ?»

«እጄን።»

ናዝራዊት ተንበርክካ አንዱን ጀሪካን ገለበጠች። ሥሩ ሲታጠብ ከላይ እስከ ታች በእባጭ ተሞልቶ ወጣ፤ ተጠጋግተው፣ ደንደን ብለው። በምላጭ አንዱን ለሁለት ከፈለችው። ውስጡ ሮዝ ነው፣ አዲስ የተቆረጠ ሥጋ ይመስላል።

«ይሠራሉ» አለች ለራሷ። ከዚያ ሳትዞር፣ «የበርሜሉን ውሃ ብቻ ነው የሰጠሻቸው? ምንም ሌላ? እውነቱን።»

«እነሱን ማሳመር አልፈለግኩም። ምን ብዬ ሌላ እሰጣቸዋለሁ።»

የናዝራዊት ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሸዋረጋ አለቀሰች ብላ ጠጋ ስትል እየሳቀች ነበር፤ ደስ የማይል፣ የደከመ ሳቅ። «ሁሉንም ጠልተሻቸው ቢሆን ኖሮ» አለች፤ «ሁሉም ይተርፉልኝ ነበር።»

«ይበቃሉ?»

«ጥቂት ናቸው። ይበቁ ይሆናል። ያንን ሥር ያዢልኝ፤ ቀስ፣ እንዳትጨብጪው።»

እስከ እኩለ ቀን ሠሩ። ናዝራዊት ትቆርጣለች፣ ሸዋረጋ ታጥባለች። ዓሊማ ሳትጠየቅ ባልዲ እየሞላች ታመላልሳለች፤ በየመሀሉ ስለ ፍየሏ ስም መጥፋት አንዳንድ ነገር ትጥላለች፣ ሸዋረጋም አንገቷን ደፍታ ትቀበላለች። እባጮቹ ጣት በማታህል ብልቃጥ ውስጥ፣ መድኃኒቱ ውስጥ እየገቡ ተከደኑ። እህትማማቾቹ ከ«አቀብዪኝ»ና ከ«እንኪ» በቀር አልተነጋገሩም። ናዝራዊት ሻንጣዋን የፈታችው ከሰዓት ነው፤ ያም ቢሆን ልብሷን ብቻ እንጂ ፊቷን አልፈታችም። ያ ጊዜ ወሰደ።

አውሮፕላን ጣቢያ የሸኟት ቀን የበረዶውን ሣጥን የያዘው ከፍያለው ነው። በሁለት እጁ፣ ደረቱ ላይ አስጠግቶ። ሻንጣ ተሸካሚ ሊቀበለው ቢመጣ «ተወው፣ ተወው» አለና እስከ መጨረሻው ራሱ ወሰደው። ሸዋረጋ ጁባ የመጣች ቀን የስፌት መኪናዋን ራሷ ተሸክማ በዚሁ ጣቢያ ነበር የገባችው፤ እሱ ያን ጊዜ ሊቀበላት ዘግይቶ ነበር። ይህ ትዝ አላት።

ናዝራዊት የእህቷን አንገት አቅፋ ቆየች። «አረንጓዴዎቹን ምን ላድርጋቸው?» አለቻት ሸዋረጋ።

«ብያቸው» አለች ናዝራዊት፣ ይህን ጊዜ በደህናው ሳቋ።

ሲደርሱ ነቀለቻቸው። ቅጠሉ ለፍየል መኖ የሚበቃ፣ ፍሬው ግን እፍኝ የማይሞላ። ዓሊማ በአጥሩ ላይ «ቅጠል ነው እንዴ የዘራሽው?» ብላ የሳቀችበትን ያህል በምንም አልሳቀችም። ሸዋረጋ ቅጠሉን ሁሉ ጠቅልላ ለፍየሏ ሰጠች፤ ባልበላችው ነገር ለተሰደበችው ፍየል።

በሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ሲጀምር የዓሊማን እናት ዘር በአጥሩ ሥር ዘራች። ማንም አላዘዛትም። ሲገረጣ እጇ ወደ ጀሪካኑ እየሄደ አስቸገራት። የስፌት መኪናዋን ወንበር አዙራ ጀርባዋን ሰጠችው፤ ሳታይ ይሻላታል። ከፍያለው ከናዝራዊት ጋር በስልክ ሲያወራ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ትምህርቷ እንዳልተቋረጠ፣ ብልቃጦቹ እየተነበቡ እንደሆነ የሰማችውም እንደዚያ ነው፣ መርፌው ሲንቀጠቀጥ በመሀል በመሀል። የትኛዋ እህት የትኛዋን እንዳስቀመጠች ገና አልታወቀም አሉ።

ኦቾሎኒው መልኩ ሲመለስ አንድ ጠዋት አንዱን ነቀለች። አጥባ በጥፍሯ ሰነጠቀችው። ሮዝ ነው። ምንም አላበላችው፤ እሷ ሳታይ ራሱን ችሎ ነበር። «ከፍያለው» ብላ ጠራች፤ «ና እስቲ እይ።»

ጫማውን ሳያስር መጣ። ጎንበስ ብሎ አየ፤ ፊቱ በራ። ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«ለናዝርዬ ፎቶውን ልላክላት» አለ። አነጣጠረ፣ ጠጋ አለ፣ ራቅ አለ። «ሸዋዬ፣ እጅሽን ትንሽ ዘወር አድርጊው፤ ሥሩን ጋርዶታል።»

ሸዋረጋ እጇን አላነሳችም።